እሜቴ ድረሺበት ተመልሳ መጣችብኝ

አርባ ምንጭ ለምትኖሪው ለእህቴ ለአይናዲስ፤

እንደምን ከረምሽ እህት ዓለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ያ ብርድ ሲነካው የሚቆረጥምሽ ወገብሽ ተሻለው ወይ? ባለቤትሽ እንዳሻው ደህና ነው? ሳሉስ ለቀቀው? ልጄ ሄለን እንዴት ናት? ሥራ ገባች ብለሽኝ ነበር፤ አለቃዋ ሰው ነው ወይስ ያው እንደ አለቃ ነው? ሙቀቱስ ዘንድሮ እንዴት አደረጋችሁ? እኛ እዚህ ፈጣሪ ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። በልጉ ዘግይቶም ቢሆን ጥሏል። የበደሳ መንገድ ጭቃ ሆኖ የጫት መኪኖቹ እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገዱ ነው ከተማ የሚገቡት። ዓይኔ ደህና ነው። ጆሮዬ ያው ነው። ጥርሴን አትጠይቂኝ።

ይህን የሚጽፍልኝ ኪሮስ ነው፤ በፍርድ ቤቱ በር ጥላውን ተክሎ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፈው። "ጋሽ በለጠ፣ በስልክ አይቀልዎትም?" አለኝ። አይቀለኝም። ስልክ ካልጮኸ ለእኔ ጆሮ አይሰማም፤ ሲጮህ ደግሞ እንቁ ትሰማለች፤ እንቁ ከሰማች ሰፈሩ ሰማ። ባለፈው ደውለሽ "ወንድም ጋሼ፣ ድምፅህ ምን ሆነ? እንቁንስ ምን ያስቃታል?" ስትዪኝ ዝም ያልኩሽ ሚስቴ ክንዴ ሥር ቆማ ስለነበረ ነው። አሁን አጠገቤ የለችም። ኪሮስንም ሳትቀንስ፣ ሳትጨምር፣ እንደ ክስ ሳታሳምር ጻፍ ብዬዋለሁ። እንግዲህ ከሥሩ ስሚኝ።

እሜቴ ድረሺበትን ታስታውሻታለሽ አይደል? በደርግ ጊዜ፣ ቺሮ ገና አሰበ ተፈሪ ስትባል፣ በቀበሌው አዳራሽ ያቺ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ሳጥን ውስጥ ተቆልፋ ትቀመጥ ነበር። ሊቀመንበሩ በቁልፍ ሲከፍታት ሰው እንደ ገበያ ይጎርፋል። ዜናው ካለቀ በኋላ ያቺ ፈረንጅ ባልቴት ትመጣለች፤ ትልቅ የቆዳ ቦርሳ አንግታ በብስክሌት የምትዞረው፣ ሰው በሞተበት ቤት ሁሉ ለቅሶ ደራሽ መስላ ገብታ ገዳዩን ይዛ የምትወጣው። ወሬው እንግሊዝኛ ነው፤ ድምፁም ይንኮሻኮሽ ስለነበር ቋንቋውን የሚያውቀውም አይሰማው። ሕዝቡ አፉን ከፍቶ ያያል እንጂ ማን ማንን እንደገደለ የሚያውቅ የለም። ያኔ ብድግ ብሎ የነገራቸው ማን ነበር? እኔ ነኝ።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። እኔ የከብት ገበያ ደላላ ነበርኩ። ገዢው ምን እንደያዘ ከኪሱ ሳይሆን ከፊቱ ነው የማየው። ሰው ወረቀት ያነባል፣ እኔ ፊት አነባለሁ። የፈረንጆቹን ፊት እያየሁ "ይሄ ጺማሙ ውርስ ፈልጎ ነው፤ ያቺ ቀጭኗ አይታዋለች፣ ግን ፈርታለች፤ አሁን እሜቴ ልትደርስበት ነው" እያልኩ ስናገር አዳራሹ ጸጥ ይላል። ስሟንም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ እሜቴ ድረሺበት። አንቺ ከእግሬ ሥር ተቀምጠሽ "ወንድም ጋሼ፣ አሁንስ ምን አለች?" እያልሽ ሱሪዬን ትጎትቺ ነበር። እንቁም ያኔ ልጃገረድ ናት፤ ከእናቷ ጋር ከኋላው አግዳሚ ላይ ሆና ከቴሌቪዥኑ ይልቅ እኔን ነበር የምታየው። ይህን ዛሬ ትክዳለች። እኔ ግን አይቻታለሁ።

ያቺ ሴትዮ ተመልሳ መጣች ብልሽ ታምኛለሽ? ፈረንጆቹ የድሮውን ፊልም እንደ አሮጌ ቤት አፍርሰው በዚያው መሠረት ላይ አዲስ ሠርተውበታል። በዲሽ ነው የሚመጣው፤ ያውም በአማርኛ! አፏ የሚከፈተው በፈረንጅ ነው፣ የሚወጣው ግን የአዲስ አበባ ልጅ ቋንቋ ነው። አሁን ባልቴት አይደለችም። ጸጉሯን አጭር ተቆርጣ፣ ሱሪ ታጥቃ መኪና ታከንፋለች። ባሏን ፈትታለች። ደግሞ ታለቅሳለች እኮ! የእኔዋ ሬሳ ላይ ቆማ እንኳ ዓይኗን አታርስም ነበር። ይህችኛዋ ሌባ ስትይዝ ታለቅሳለች፣ ሲያመልጣት ታለቅሳለች። የራሷ የፈረንጅ ስም አላት፤ የሰፈራችን ሴቶች ግን "ድረሺበት" ነው የሚሏት። ስሙን ከእኔ ወስደው ለእሷ ሰጧት፤ ማንም አላስፈቀደኝም።

የሚያዩት ዙለይኻ ቤት ነው። ዙለይኻን አታውቂያትም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከባሏ ከሀሚድ ጋር ከወራቤ መጥተው ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ የከፈቱ ናቸው። ደህና ሰዎች ናቸው። ዘይት ሲጠፋ ለሰፈሩ ደብቀው ያስቀምጣሉ። ነገር ግን ሰፊ ቴሌቪዥን አላቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንቁ ነጠላዋን ጣል ታደርግና "ራትህ ተከድኗል" ብላኝ ትሻገራለች። ሚካልም ትሄዳለች፤ ያቺ ከታች በኩል ያለችው አፏ የማያርፈው ጎረቤታችን። ሌሎቹም ይከተላሉ። እኔ ከተከደነ ራት ጋር እቀራለሁ።

አንድ ቀን ምን ይሆን ብዬ ተከተልኳቸው። ዙለይኻ ከወንበር ሁሉ ደህናውን አመጣችልኝ፤ ሰው ማክበር ታውቃለች። ከዘራዬን ጥልፍ ጨርቅ የለበሰው የቴሌቪዥኑ መቀመጫ ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ፊልሙ ሲጀምር ደሜ ሞቀ፤ የማውቀው ታሪክ ነበር! ባለወፍጮው ዱቄት ውስጥ ሞቶ የተገኘበት። አንቺም ታስታውሺዋለሽ፤ ሳምንቱን ሙሉ የተወራለት ነው። አላስቻለኝም፤ "ወንድሙ ነው! አትልፉ፣ ወንድሙ ነው የገደለው!" ብዬ ተናገርኩ። ሴቶቹ "ዝም በሉን እንጂ ጋሽ በለጠ" አሉኝ። መጨረሻ ላይ ለካ የገደለችው ምግብ አብሳይዋ ሆና ተገኘች። እንቁ ቀስ ብላ ዞር አለችና "በለጠ፣ ያኔ ወንድሙን ስታስረግመን አልከረምክም?" አለችኝ። ዙለይኻ ሳቋን በሻርፗ አፈነች። ሚካል ግን ምን ሲደረግ! "አቦ ጋሽ በለጠ! ይኸን ሁሉ ዘመን ንጹህ ሰው አሰቅለው ነው የኖሩት?" ብላ ቤቱን በሳቅ አናወጠችው።

ፊልሙን ቀይረውታል። እውነቴን ነው፤ ቀይረውታል። ድሮ ወንድሙ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አልሄድኩም። ግን መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሳቃቸው ተሻግሮ ይመጣል። ሙዚቃው ደግሞ ያው የድሮው ነው። ሴትዮዋን ቀይረው፣ ታሪኩን ቀይረው፣ ሙዚቃውን ምን አስበው እንደተዉት እንጃ። እሱን ስሰማ እግሬ ሳያስበው ይነሳል። እመልሰዋለሁ። ሰው በሚስቱ ይቀናል፣ በመሬት ይቀናል፣ በጎረቤት በሬ ይቀናል። እኔ ወንድምሽ ሰባውን ካለፍኩ በኋላ በቴሌቪዥን ቀናሁ። ኪሮስ እስክሪብቶውን አንስቶ "ይጻፍ?" አለኝ። ይጻፍ።

ይባስ ብሎ ሴቶቹ እንቁን "እሜቴ ድረሺበት" ይሏት ጀመር። የሚካል ዶሮ ስትጠፋ እንቁ የት እንዳለች ነገረቻት፤ አንድ ቀን ደግሞ የዙለይኻን የሱቅ ቁልፍ አገኘችላት። ድሮ ዕቃ የጠፋበት ሰው "ጋሽ በለጠ አሉ?" ብሎ በሬን ያንኳኳ ነበር። አሁን እኔ በር ላይ ተቀምጬ እያዩኝ "እትዬ እንቁ አለች?" ብለው በጎኔ ያልፋሉ። ስሙን ያወጣሁት እኔ፣ የምትጠራበት እሷ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከፋሲካ በኋላ የእድሩን ዕቃ አውጥተን ስናይ ትልቁ ብረት ድስት የለም። ያ አንድ በሬ የሚበቃው፣ ሁለት ጎረምሳ በእንጨት አንጠልጥሎ የሚያነሳው ድስት። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ በርናባስ "በሩ አልተሰበረም፤ እኔ አላውቅም" አለ። እኔ ደግሞ እንደምታውቂው የእድሩ ዳኛ ነኝ። ድስቱ መጥፋቱን ስሰማ ደስ አለኝ ብልሽ ትታዘቢኛለሽ? ደስ አለኝ። እንግዲህ ሌባ እንዴት እንደሚያዝ አሳያቸዋለሁ አልኩ።

አፈርሳታ ጠራሁ። አባታችን ሲያደርገው እንዳየሁት፣ የእድሩ ሰው በሙሉ በአንድ ሜዳ ተቀምጦ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ አደረግሁ። "ዛሬ ጊዜው ተለውጧል፣ ለፖሊስ ይነገር" ያሉኝ ነበሩ። እምቢ አልኩ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ተሰበሰቡ። እኔ ከግራሩ ሥር ወንበሬን አስደርጌ ተቀመጥኩ፣ ሕዝቡ ሜዳው ላይ። አንድ በአንድ አስማልኩ፤ ሁሉም ማለ፣ ማንም አልተናገረም። ፀሐይ ከአናት ወርዳ ከዓይን ገባች። አሁንም ማንም የለም። እኔ አልቸኮልኩም፤ አባታችን ሦስት ቀን አስቀምጦ ያወጣ ነበር ይባላል።

ወደ ማታው ላይ ሚካል ልብሷን አራግፋ ተነሳች። "ወዴት?" አልኳት። "ጋሽ በለጠ፣ ጊዜዋ ደረሰ" አለችኝ። "የማን ጊዜ?" "የድረሺበት ነዋ።" አንዷ ተከተለች። ሌላዋም ጫማዋን ፈለገች። እህቴ፣ ከአፈርሳታ ተነስቶ ፊልም የሄደ ሰው በአባቶቻችን ዘመን ተሰምቶ ያውቃል? ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። አንድ ስም ፈለግሁ፣ አሁኑኑ፣ እነዚያ ሴቶች የሜዳውን አጥር በር ሳያልፉ። ፊቶቹን አየሁ። ተሻለ፣ ያ የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ የሚሸከምልን ሰው፣ አንገቱን ደፍቶ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። "ድስቱን የወሰደው ተሻለ ነው" አልኩ።

ሴቶቹ ቆሙ። ተመልሰው ተቀመጡ። ፊት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ልክ እንደ አዳራሹ ጊዜ። እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ! ተሻለ ተነስቶ "እኔ ነኝ ጋሽ በለጠ?" አለኝ። "አንተ ነህ" አልኩት። ከሜዳው ወጣ። ሚስቱ ተከተለችው። በርናባስ ያን ጊዜ መሬት ሊውጠው ደርሶ ነበር አሉ። እኔ የበርናባስን ፊት አላየሁም። ያየሁት የሴቶቹን ፊት ነው፤ ያልሄዱትን።

ያን ቀን እንቁ ወደ ፊልሟ አልሄደችም። ቤት ገብታ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለችና "እንዴት አወቅህ?" አለችኝ። "ላቡን አይቼ" አልኳት። "ተሻለ ፀሐይ ላይ ነበር የተቀመጠው፣ በለጠ" አለችኝ። "ጥላው ሥር የነበርከው አንተ ነህ።"

በማግስቱ ተሻለ ለጭነት ሲወጣ ሰው ዕቃውን ከትከሻው ላይ አወረደበት ብለው ነገሩኝ። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። የዕለት እንጀራው በትከሻው ነው፤ ሌባ የተባለ ሰው ደግሞ ማን ዕቃ ያሸክመዋል? ሚስቱም ገበያ ወጥታ ሰድበዋት ተመለሰች። እኔ ግን "ይመልሰውና ይለቀቅ" እያልኩ ነበር። ሌላ ምን ልበል? ቃሌን በሕዝብ ፊት ተናግሬዋለሁ።

እንቁ እየጋገረች፣ እየጠረገች፣ ማሽላዋን እየለቀመች ታስባለች። አንድ ቀን "ይህን የሚያህል ድስት ሌባ ምን ያደርግበታል?" አለች። "ይሸጠዋል" አልኳት። "ለማን? ቦኬ ገበያ ወስዶ ቢያወጣው እንኳ የማን እድር እንደሆነ ቀለሙ ይናገራል። ቤቱ ቢጥደው ጭሱ ሰፈር ይጠራል። ይህን ድስት የያዘው የሰረቀ ሰው አይደለም፤ ያፈረ ሰው ነው።" ይህን ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኋት። "አዲሲቷ ድረሺበት 'ማን አደረገው' ብላ አትጀምርም" አለችኝ። "'ማን ምን ፈራ' ብላ ነው የምትጀምረው።" ውስጤ ተቃጠለ። ግን የተናገረችው ቁም ነገር ነበር፤ ኪሮስንም እንደዚያው ጻፍ ብዬዋለሁ።

ከዚያ "ባለፉት ሳምንታት ብዙ ሰው ያበላ ማን ነው?" ብላ ማሰብ ጀመረች። እኛ ሁዳዴ ጾም ላይ ነበርን፤ በእኛ በኩል ድግስ የለም። በሁዳዴ ሰው ሰብስቦ ያበላ አንድ ቤት ብቻ ነው። ዙለይኻ እናቷ ሞተውባት ሰደቃ አውጥታ ነበር፤ ከአሰቦት ከሚኤሶ ድረስ የሀሚድ ወዳጆች መጥተው በልተዋል። እንቁ ሀሚድ ሱቁን ከከፈተ በኋላ ብቻዋን ተሻገረች። ቡና እንኳ አልጠጣችም። "ዙለይኻ ልጄ፣ ቴሌቪዥንሽ ምን ላይ ነው የቆመው?" አለቻት። ዙለይኻ አንዴ አየቻትና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እንቁ ጥልፉን ጨርቅ ገለጥ ስታደርገው፣ ድስታችን በአፉ ተደፍቶ ቁጭ ብሏል።

ያ ሁሉ ማታ ሌባ አዳኟን ሲያዩ የኖሩት በጠፋው ድስት ላይ አስቀምጠው ነው። እኔም የዚያን ቀን ከዘራዬን ያስደገፍኩት በገዛ ድስቴ ላይ ነው።

ያዋሳት በርናባስ ነበር። እናቷ የሞቱባት ሴት በሩ ላይ ቆማ እንዴት "የለም" ይበላት? እኔም ብሆን አልልም ነበር። ግን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እዚህ በሰርጉም በለቅሶውም አብረን ነን፣ የሚለየን ሥጋው ብቻ ነው። በእኛ ድስት የእነሱ እርድ ተቀቀለበት፣ ያውም በሁዳዴ። ዙለይኻ አጥባ ልትመልሰው ስትል በርናባስ ደነገጠ። "ቆይ፣ አሁን አታምጪው፤ ሰዉ አልበላበትም ይላል፤ ጋሽ በለጠ ከሰሙ ደግሞ በሕዝብ ፊት ያዋርዱኛል፤ መላ ልፈልግ" አላት። መላው ሳይገኝ ፋሲካ ደረሰ። እሷም እንግዳ እንዳያየው ደፍታ ጨርቅ አለበሰችው፤ ባዶውን ከሚቀመጥ ብላ ቴሌቪዥኑን አወጣችበት። ሌባ አልነበረም እህቴ። የፈሩት እኔን ነው።

እንቁ ይህን ሁሉ ለማንም ሳትናገር ወደ እኔ መጣች። ለሚካል እንኳ! "እሁድ ስብሰባ አንተ ተናገር" አለችኝ። "ያገኘሁት እኔ ነኝ በል። እኔ ምንም አልልም። ብቻ የተሻለን ስም አጽዳለት።" እንዴት እንዳቃጠለኝ ልንገርሽ? ምጽዋት ነው እኮ። ለማኝ ደጅ ላይ ቆሞ የሚቀበለው ዓይነት። "የአንቺን ነገር ለራስሽ ያዢው" ልላት አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ወሰድኩት።

ባለፈው እሁድ ሜዳው ሞልቶ ነበር። ተሻለም መጣ፤ ግን አልገባም፣ ከአጥሩ መግቢያ ቆመ። እኔም ተነስቼ ጀመርኩ። ያፈረና የሰረቀ አንድ አይደሉም አልኩ። ይህን ድስት ሌባ ምን ያደርግበታል ብዬ አሰብኩ አልኩ። ቃል በቃል የእሷን ነው የተናገርኩት። እንዴት አድርጌ እንደተናገርኩት ብታይ! አንድ ሰው አላሳለም። ተሻለ ንጹህ ሰው ነው፣ ድስቱ አለ፣ የት እንዳለም ዛሬ ታያላችሁ አልኩ። ያን ጊዜ ተሻለ ከበሩ ላይ ሆኖ "እንዴት አወቁ ጋሽ በለጠ?" አለ። ክፋት አልነበረበትም። ስሙ በምን እንደጠፋና በምን እንደተመለሰ ማወቅ ፈልጎ ነው።

መልስ ልሰጠው ስል ፊቶቹን አየሁ። ሁሉም ዞረዋል። ወደ እኔ አይደለም፤ ወደ እንቁ። ማንም ምንም አልነገራቸውም፤ ዝም ብለው ዞሩ። እሷ ደግሞ የነጠላዋን ጫፍ እየቋጠረች፣ እየፈታች መሬት መሬት ታያለች። ቃሏን ጠብቃለች። ብትናገርብኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው ሲናገርብሽ ትጣያለሽ፤ ዝም ሲልልሽ ምን ታደርጊያለሽ?

"እሷን ጠይቋት። ያገኘችው እሷ ናት" ብዬ ተቀመጥኩ።

እንቁ ተነስታ በአጭሩ ተናገረች። ከእኔ አጠር አድርጋ፣ ደግሞም አሳምራ፤ ይህም አቃጠለኝ። የማንንም ስም አልጠራችም። በርናባስ ራሱ ተነስቶ "ያዋስኩት እኔ ነኝ፣ ተሻለ ሲወነጀል ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ" ብሎ አለቀሰ። ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሜ ተሻለን ይቅርታ ልለምን ጎንበስ ብል ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ተሻለ ራሱ መጥቶ ብብቴን ይዞ አቃናኝ። "ይቅር ብዬዎታለሁ፤ ድንጋዩን ይተዉት" አለኝ። "የዚህ ሰፈር ሸክም የእኔ ሥራ ነው።" ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ እጁን ይዤ ቆየሁ።

ስለ ድስቱ ቄሱ ተጠየቁ። "ብረት አይቆርብም፣ ብረት አይሰግድም፤ በአመድና በፈላ ውኃ እጠቡት" አሉ። ያጉረመረሙ አልጠፉም፤ ታጥቦ ግን ዕቃ ቤቱ ገብቷል። ሀሚድ ለቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ አሠርቷል።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደህና ነበር። ሚካል ግን ታርፋለች? "እኔ የምለው አለኝ፤ ከእንግዲህ ዳኛችን እትዬ እንቁ ትሁን!" አለች። አንዱ አጨበጨበ፤ ቢራቱ ነው፣ ያ አናጺው። "አቦ እውነቷን ነው" አለ። ሌላውም አጨበጨበ። ሁሉም አጨበጨበ። ያጨበጨቡት እኔን ለማዋረድ አይደለም፤ ይህን አውቃለሁ፤ ረስተውኝ ነው። እንቁ እጇን አነሳችና "በለጠ እሺ ካለ ብቻ" አለች። ለነገ እሁድ መልስ እንድሰጥ ቀጠሩኝ።

ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቂኝ። እምቢ ለማለት ስንት ነገር አዘጋጀሁ። ሴት ዳኛ በዚህ እድር ታይቶ አይታወቅም ልል አሰብኩ። ድምፅዋ ከሜዳው ዳር አይደርስም ልል አሰብኩ። ድንኳን ሲተከል ማን ይቆጣል? መዋጮ ያልከፈለን ማን ያፋጥጣል? ቢራቱን መንገድ ላይ አግኝቼ ይህንኑ ብነግረው "ጋሽ በለጠ፣ እርስዎ ስለሚቆጡ አይደል እንዴ ድስት የተደበቀው?" ብሎኝ ሄደ። እንቁ ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ራቴን ከድና ትሻገራለች፣ ስትመለስ ያየችውን ትነግረኛለች። ድሮ እኔ ነበርኩ የምነግራት። አሁን እሷ ስትነግረኝ እኔ ግድግዳውን እያየሁ እሰማለሁ፤ የማልሰማ መስዬ። አንዳንዴ ሳላስበው "ከዚያስ?" ይወጣኛል። ትስቃለች። ያን ቀን በስልክ የሰማሽው ይህን ሳቅ ነው።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርሽና ኪሮስም ይረፍ። ነገ እሺ እላለሁ። ትበልጠኛለች ብዬ አይደለም። እምቢ ብል ሰዉ "ለምን?" ይለኛል፤ እኔ መቼም አንድ ነገር እፈጥራለሁ፤ እነሱም ያምኑኛል። እንቁ ግን ለምን እንደሆነ አንድ ሰው ሳትጠይቅ ትደርስበታለች።

ለእንዳሻው የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሳሉ ካልለቀቀው የላክሁለትን ማር በሞቀ ውኃ ይጠጣ፤ ደብዳቤውን የያዘው ሰው ነው ያመጣው። ለሄለን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ አጎትሽ ስትመጪ የሚነግርሽ ብዙ ነገር አለው በያት። ለባልሽ እናት ከተቀመጡበት ድረስ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ዙለይኻና ሀሚድ ሰላም ብለዋችኋል፤ ሳያውቁሽ ያውቁሻል። ተሻለም ሰላም ብሏል፤ ሥራው ተመልሶለታል። ኪሮስ ደግሞ እኔም ሰላም ልበል አለኝ፤ ይበል። እንቁ ሰላም ብላሻለች እንዳልል ይህን ደብዳቤ መጻፌን አታውቅም። አታውቅም ብዬ ነው የማስበው። ስትደውዪ ስለዚህ ነገር ምንም እንዳታነሺ፤ ጤናዬን ብቻ ጠይቂኝ።

ወንድምሽ በለጠ፤ የጣት አሻራዬን ከታች አሳርፌያለሁ።

ቺሮ፤ ቅዳሜ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.